ከኤርብራሹ በፊት ኮምፕረሰሩን፦ ለሞዴል ሥራ የመጀመሪያ ግዢ

ስለ ኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም የሚነፋ ትንሽ የእጅ መሣሪያ) የሚጠይቁኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚልኩልኝ የኤርብራሹን ፎቶ ነው። «ይሄ ይሻላል ወይስ ያኛው?» ይላሉ። አየሩን አምቆ የሚሰጠው ኮምፕረሰር ላይ ሲደርሱ «እሱንማ አንዱን እገዛለሁ» ብለው ያልፉታል። የእኔ ምክር ተቃራኒው ነው። ርካሽ ኤርብራሽ በጥሩ ኮምፕረሰር ደህና አድርጎ ይሠራል። ውድ ኤርብራሽ ግን አየሩ በሚቆራረጥ ኮምፕረሰር ቀለም ይተፋል። የኤርብራሹ መርፌና አፍንጫ ቆይቶ ይቀየራል። ኮምፕረሰር ግን አንዴ ከተገዛ ዓመታት አብሮ ይኖራል።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አያት፣ ጀሞ፣ ለገጣፎ ወይም ሱሉልታ ላላችሁም ነገሩ ያው ነው። መብራት ይሄዳል። ግድግዳው ስስ ነው። በበጋ አቧራው አይጣል ነው። ዕቃውም እንደልብ አይገኝም። ውጭ አገር የተጻፉት መመሪያዎች ይህን አያውቁም። ከፍታችንንም አያውቁም፤ እሱ ላይ እመጣለሁ።

መጀመሪያ፦ ምን ልትቀቡ ነው?

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን መልሱ። የአፍንጫውን ስፋት የሚወስነው እሱ ነው። አፍንጫ የምለው ቀለሙ የሚወጣበትን ትንሽ ጫፍ ነው፤ ስፋቱ በሚሊሜትር ይነገራል። መርፌው ደግሞ ይህን ጫፍ ከውስጥ የሚከፍተውና የሚዘጋው ነው።

የአርክቴክቸር ተማሪ ሆናችሁ ማኬት የምትቀቡ ከሆነ ያላችሁ ሰፋፊ ገጽ ነው። 0.5 ይመቻችኋል። የፕላስቲክ አውሮፕላን፣ መኪና ወይም ታንክ ከሆነ 0.3 ወይም 0.4 ያዙ። ለምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ የጀመረበትን ሲ-47 አውሮፕላን በ1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ አሳንሳችሁ) ብትሠሩ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ያን ሁሉ የብር ቀለም በብሩሽ ሳይዥጎረጎር መቀባት ከባድ ነው። 0.4 አፍንጫ ክንፉንም፣ በጎኑ የሚያልፈውን ቀጭን መስመርም ይችላል። 0.2 ለትናንሽ ምስሎች ፊትና ለጥላ ሥራ ነው። ለጀማሪ አልመክረውም፤ ቶሎ ይደፈናል።

እኛ አገር ግን አንድ ነገር ይጨመራል። የሞዴል ቀለም ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙዎቻችን የግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም ወይም የመኪና ቀለም እንጠቀማለን። የግድግዳው ቀለም ዱቄቱ ሻካራ ነው። በስቶኪንግ ብታጠልሉትም በ0.3 ማለፍ ይከብደዋል። እሱን ለመጠቀም ካሰባችሁ ሳታመነቱ 0.5 ግዙ። የመኪና ቀለም ደግሞ ደቃቅ ነው። ቀለም የሚቀምሙ ሱቆች ናሙና ካሳያችኋቸው ትንሽ ጣሳ ያዘጋጁላችኋል። የሚኒባስ ታክሲውን ሰማያዊ በዚህ መንገድ ማግኘት ይቻላል። ብቻ ቲነሩ ኃይለኛ ነው። ፕላስቲክ ላይ በስሱ እየደጋገማችሁ ንፉት እንጂ አታርጥቡት። ማኬት ሠሪዎች ደግሞ አደራ፦ ነጩ ፎም ላይ ቲነር ያለበት ቀለም ከነፋችሁ ፎሙ ዓይናችሁ እያየ ይቀልጣል። ለፎም በውሃ የሚቀጥን ቀለም ብቻ።

ገንዘቡን እንዴት እንከፋፍለው?

ዋጋ በብር አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ የሚያዝ የሚጨበጥ አይደለም። ድርሻውን ግን ልናገር። ከያዛችሁት ገንዘብ ሁለት ሦስተኛውን ለኮምፕረሰርና ለመለዋወጫዎቹ መድቡ። በተረፈው ኤርብራሽ፣ አንድ ትርፍ መርፌ፣ አንድ ትርፍ አፍንጫና ማስክ ግዙ። ገንዘቡ ካልበቃ ከኤርብራሹ ላይ ቀንሱ። ከማስኩ ላይ አትቀንሱ።

ኮምፕረሰሩ

በጣም ርካሹ ታንከር የሌለው ትንሹ ፒስተን ኮምፕረሰር ነው። ፒስተኑ በመታ ቁጥር አየሩም አብሮ ይመታል። ያ ምት በቱቦው አልፎ ቀለሙ ላይ ይታያል፤ ቀጭን መስመር ስትነፉ መስመሩ ነጠብጣብ ይሆንባችኋል። ሞተሩ ዕረፍት ስለማያገኝም ቶሎ ይግላል። ለኬክና ለጥፍር ሥራ የሚሸጡት ትንንሾቹ አብዛኛዎቹ የዚህ ዓይነት ናቸው። የምታውቁት ኬክ ቤት ካለ ግን ጎራ ብላችሁ እዩት። ኤርብራሽ ሲሠራ በቅርብ ለማየት ከዚያ የቀለለ ቦታ የለም። (የኬክ ኤርብራሽ ተውሳችሁ ቲነር እንዳትከቱበት። ሰው ይበላበታል።)

እኔ ለጀማሪ የምመርጠው 3 ሊትር ገደማ ታንከር ያለውን ነው። ከቻይና በብዙ ስም ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ «ኤኤስ-186» የሚል ቁጥር አለው። 4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲደርስ ራሱ ይጠፋል። 3 ባር ሲወርድ ራሱ ይነሳል። ምቱን ታንከሩ ስለሚውጠው ለኤርብራሹ የሚደርሰው አየር የተረጋጋ ነው። ግፊቱን የሚያስተካክለው ሬጉሌተር፣ ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅና የውሃ ፊልትሮው አብረውት ይመጣሉ። ድምፁም ከፍሪጅ ብዙ አይበልጥም፤ ጎረቤት አያስቀይምም።

አሁን ወደ ከፍታው። ቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትርም ያልፋል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ብቻ ነው። ኮምፕረሰሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር ያንኑ ያህል ስስ ነው ማለት ነው። 3 ሊትር ታንከርን እስከ 4 ባር ለመሙላት በባሕር ወለል ከውጭ 12 ሊትር ያህል አየር መሳብ ይበቃል። እዚህ 16 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ሞተሩ በአንድ ሦስተኛ ያህል ለረዘመ ጊዜ ይሠራል። ስሱ አየር ሞተሩንም እንደሚገባ አያቀዘቅዘውም።

ይህ ሲገዙ ምን ይለውጣል? ካርቶኑ ላይ «በደቂቃ 20 ሊትር» የሚል ካያችሁ በልባችሁ 15 በሉት። 0.3 አፍንጫ ያለው ኤርብራሽ በዚያ ይሠራል። 0.5 አፍንጫ ግን አየር ይበላል፤ ትንሹ ሞተር ሳያርፍ ይሽከረከርበታል። 0.5 ለመጠቀም ካሰባችሁ በደቂቃ 30 ሊትርና ከዚያ በላይ የሚል ፈልጉ። በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚኖር ሰው «10 ሊትር ይበቃል» ቢላችሁ ለእሱ ይበቃው ይሆናል። ለሱሉልታ አይሆንም።

ጎሚስታ ቤት የምታዩት ትልቁ ኮምፕረሰርስ? አየር አያልቅበትም። ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዴ ብታስነሱት ኮሚቴው በር ላይ ይሰለፋል። ግቢ ያለው ቤት ለምትኖሩ፣ ዘይት የሌለውና ድምፁ የቀነሰው 24 ሊትር ኮምፕረሰር በጣም ጥሩ ነው። ለጥርስ ሐኪሞችና ለእንጨት ሥራ ብለው ያመጡታል። እስከ 8 ባር ይሞላል። መብራት ሲሄድ የ3 ሊትሩ ታንከር አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የ24 ሊትሩ ግን ከ10 ደቂቃ በላይ ያስኬዳል። የጀመራችሁትን ክንፍ ለመጨረስ ይበቃል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ቦታም ይይዛል። መብራት በየቀኑ በሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ ግን አስቡበት።

ከፍሪጅ ሞተር ኮምፕረሰር የሚሠሩ ባለሙያዎችም አሉ። በጣም ጸጥተኛ ነው፤ ያን አልክድም። ነገር ግን ከአየሩ ጋር የዘይት ጭጋግ ይወጣል፤ ዘይት የነካው ፕላስቲክ ደግሞ ቀለም አይዝም። ከሁሉ የከፋው ግፊት ሲበዛ አየር የሚለቅ የደህንነት ቫልቭና ራሱን የሚያጠፋ ማብሪያ ሳይገጠምለት ያገኘውን ሲሊንደር ታንከር አድርጎ የሚሸጥ ሲኖር ነው። እሱን ከነገሩ ጦም እደሩ።

ኤርብራሹ ላይ የሚሰካ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሞተርም መጥቷል። መብራት በሌለበት ልብ ይሰርቃል። ግፊቱ ዝቅተኛ ነው፤ ባትሪውም አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ለሜካፕ ይሁን። ለሞዴል ሁለተኛ ኮምፕረሰር እንጂ የመጀመሪያ አይሁን። ለክፉ ቀን ከሆነ እንዲያውም የድሮው ዘዴ ይሻላል፦ የመኪና ስኮርታ ጎማ ጎሚስታ ጋ አስሞልታችሁ፣ ከጎማው ቫልቭ ላይ በአዳፕተርና በሬጉሌተር ወደ ኤርብራሹ መቀጠል። ድምፅ የለውም፣ መብራትም አይፈልግም። ጎማው ከሚፈቅደው ግፊት በላይ አታስሞሉ። ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚያሠራው፤ ትንሽ ሞዴል ላይ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚነፋ መነሻ ቀለም) ለመንፋት ግን ይበቃል።

መብራቱን አትርሱ

የኮምፕረሰሩን መለያ ወረቀት አንብቡ። 220 ወይም 230 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ መሆን አለበት። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልከው 110 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል። ኸርትዙን አያስተካክልም። ሞተሩ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፣ የበለጠም ይግላል። ዘመድ ካላችሁ ኤርብራሹን ያምጣላችሁ፤ ኮምፕረሰሩን እዚሁ ወይም ከዱባይ ግዙ። በነገራችን ላይ ተቀጣጣይ ቀለምና ቲነር በአውሮፕላን ሻንጣ አይፈቀድም። በውሃ የሚቀጥነውን ብቻ እዘዙ።

መብራት ከሄደ በኋላ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ከፍና ዝቅ እያለ ነው። መብራት እንደሄደ ሶኬቱን ንቀሉ። ከተመለሰም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታገሱ። ስታብላይዘር ካላችሁ ደግ ነው፤ የሞተሩን መነሻ ጉልበት የሚችል መሆኑን ግን ጠይቁ።

ኤርብራሹን መምረጥ

እዚህ አጭር ልሁን፤ ምርጫው ከሚመስለው ይቀላል። ደብል አክሽን ግዙ። ቃታውን ወደ ታች ስትጫኑ አየር ይወጣል፣ ወደ ኋላ ስትስቡ ቀለም ይመጣል። ሲንግል አክሽኑ ሲጫኑት ሁለቱንም ባንዴ ይለቃል። ለመልመድ ይቀላል፤ ግን ብዙም ሳትቆዩ ያጥራችኋል። የቀለም ኩባያው ከላይ የሆነውን ምረጡ። ቀለሙ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ዝቅተኛ ግፊት ይበቃዋል፤ በእኛ ስስ አየር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከታች ጠርሙስ ያለው ቀለሙን ወደ ላይ ለመሳብ ተጨማሪ አየር ይፈልጋል። ብዙ ቀለም ለሚጠይቅ ማኬት ካልሆነ ይቅርባችሁ።

ከታወቁት መካከል የጃፓኑ ኢዋታ፣ የጀርመኑ ሃርደር ኤንድ ስቲንቤክ፣ የአሜሪካዎቹ ባጀርና ፓሼ አሉ። ሁሉም ጥሩ ናቸው። ልዩነቱ ለእኛ ሌላ ቦታ ነው። ርካሾቹ ቅጂዎችና አንዳንድ የኢዋታ ሞዴሎች አፍንጫቸው በቁልፍ የሚጠብቅ ደቃቅ ብሎን ነው። ትንሽ አብዝታችሁ ካጠበቃችሁት ይሰበራል። ቁራጩም ውስጥ ይቀራል። የጀርመኑ አፍንጫ ግን ያለ ብሎን ቦታው ላይ ይቀመጣል፤ በእጅ ይወልቃል፣ በእጅ ይገባል። አቅም ካለ ለጀማሪ እጅ እሱን እመርጣለሁ። ከሌለ ቻይና ሠራሹን ከሁለት ትርፍ አፍንጫ ጋር ግዙ። ዋናው ጥያቄ «ማን ሠራው?» አይደለም። «መርፌው ቢታጠፍ ሌላ ከየት አመጣለሁ?» ነው። መልስ የሌለውን ኤርብራሽ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን ተዉት።

ውስጡ ያሉት ማሸጊያ ኦሪንጎች ተራ ጎማ ከሆኑ ቲነር ያሳብጣቸዋል። ቴፍሎን መሆናቸውን ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ለቲነር ሥራ እንደማይሆን ቁጠሩት።

የቱቦው ጥርስ

ዕቃውን ቤት አድርሶ የሚያናድደው ይህ ነው። የኢዋታ፣ የጀርመኑና የአብዛኞቹ ቅጂዎች ቱቦ መግጠሚያ 1/8 ኢንች ነው። ባጀርና ፓሼ የየራሳቸው ጥርስ አላቸው። የኮምፕረሰሩ መውጫ ደግሞ 1/8 ወይም 1/4 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኤርብራሹንና ቱቦውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ኮምፕረሰሩ ላይ እዚያው አስገጥሙት። ካልገጠመ አዳፕተሩን እዚያው ጠይቁ። በቴፍሎን ጠቅልሎ በግድ ማስገባት መፍትሔ አይደለም፤ የናሱ ጥርስ ይበላል።

ሱቅ ውስጥ የምትፈትኑት

«አይከፈትም፣ ካርቶኑ ይበላሻል» ካሏችሁ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሂዱ። ኮምፕረሰሩን አስነሱት። ራሱ እስኪጠፋ ጠብቁ። ቱቦው ተገጥሞ ኤርብራሹ ሳይነካ ጌጁን ሁለት ደቂቃ ተመልከቱ። የጌጁ መርፌ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ። የሳሙና አረፋ መጋጠሚያው ላይ ብትቀቡ ያፈሰሰው ቦታ አረፋ ይነፋል። መጋጠሚያ ከሆነ ይጠበቃል፤ ታንከሩ ራሱ ከሆነ አትውሰዱ። ቀጥሎ አየሩን ልቀቁና ወደ 3 ባር ሲወርድ ሞተሩ በራሱ መነሳቱን እዩ። እያጉረመረመ መነሳት ካቃተው ሌላ አስወጡ።

ከዚያ ኤርብራሹ። የኋላ እጀታውን ፍቱና መርፌውን በቀስታ ወደ ኋላ ሳቡት። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባሉት። ጫፉ የሚዘል ከሆነ ታጥፏል። ጫፉን ጥፍራችሁ ላይ በጣም በስሱ ጎትቱት፤ ከቧጠጠ ጫፉ መንጠቆ ሠርቷል። ያ መንጠቆ ቀለሙን ወደ አንድ ጎን ይወረውረዋል። አፍንጫውን ደግሞ የስልካችሁን ካሜራ አቅርባችሁ አጉልታችሁ እዩት። ቀዳዳው ክብ መሆን አለበት። ስንጥቅ ካለው ምንም ቢቀንሱላችሁ አትውሰዱ።

በመጨረሻ ኩባያው ውስጥ ውሃ ጨምራችሁ ንፉ። ኩባያው ውስጥ አረፋ ከተንተከተከ አየር ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። ወይ አፍንጫው በደንብ አልገባም፣ ወይ ተሰንጥቋል። አውልቃችሁ መልሱት። አረፋው ካልቆመ ዕቃው ችግር አለበት።

ቤት ስትደርሱ

ኮምፕረሰሩን የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ ላይ አስቀምጡት። ታች ያለው ጎረቤት የሚሰማው ጩኸቱን ሳይሆን በወለሉ የሚያልፈውን ንዝረት ነው። ጀርባውን ከግድግዳ አርቁ፤ አየር ይፈልጋል። በዚህ ከፍታ ግማሽ ሰዓት ያህል ካሠራችሁት እጃችሁን አቅርባችሁ ሙቀቱን ለኩ። ከጋለ አሳርፉት።

መስኮት አጠገብ ሥሩ። በረንዳ ላይ በበጋ ከሰዓት በኋላ ነፋስና አቧራ ይነሳል፤ ያልደረቀ ቀለም ላይ ያረፈ አቧራ አይነሳም። ጠዋት ይሻላል። ወለሉን ውሃ ረጨት ብታደርጉ አቧራው ይተኛል። ቲነር ያለበት ቀለም ከሆነ የኮቪድ ጊዜው ማስክ ዋጋ የለውም። ጠብታውን ሊያስቀር ይችላል፤ ትነቱን ግን አያስቀርም። የካርቦን ፊልትሮ ያለው ማስክ ያስፈልጋችኋል። ከሰል ተያይዞ ቡና እየተፈላ ባለበት ቤት ወይም ቡታጋዝ በበራበት ደግሞ ቲነር ፈጽሞ እንዳትነፉ። ትነቱ እሳት ይስባል።

ግፊቱን ለማስተካከል መጀመሪያ ቃታውን ተጭናችሁ አየሩን ልቀቁ። ጌጁን ያኔ አንብቡ። ቃታው ሳይጫን 2 ባር ያለው ጌጅ አየሩ ሲለቀቅ 1.5 ሊል ይችላል፤ ሥራው የሚሠራው በ1.5ቱ ነው። ለቀጠነ አክሪሊክ ከ1 እስከ 1.5 ባር በቂ ነው። ጌጁ በፒ.ኤስ.አይ. ከሆነ ከ15 እስከ 22 መካከል መሆኑ ነው። ፕራይመር ወደ 2 ባር ይወዳል።

ቀለሙን እንደ ወተት እስኪሆን አቅጥኑት። ኩባያው ግድግዳ ላይ ስታፈሱት ስስ ሽፋን ትቶ መውረድ አለበት። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ነጥብ፣ ከዚያ መስመር፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ የሚያገናኝ መስመር ተለማመዱ። ሁልጊዜ አየሩ ይቀድማል፤ ቀለሙ ይከተላል። ስታቆሙም ቀለሙን ዝጉ፣ አየሩን በመጨረሻ።

በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ መርፌው ጫፍ ላይ ይደርቃል። መስመሩ ድንገት ይቋረጥና ወዲያው ይተፋል። ጥጥ አርጥባችሁ ጫፉን በየጊዜው ጥረጉ። መድረቁን የሚያዘገይ ፈሳሽ ካገኛችሁ ጥቂት ጠብታ ጨምሩ። በክረምት ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ እርጥበቱ ቱቦው ውስጥ ውሃ ይሆናል። የውሃ ፊልትሮው ብርጭቆ ሲሞላ ከታች ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ አፍስሱት።

ማጽዳቱን ለነገ አታሳድሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ኩባያውን አፍስሱ። በውሃ ወይም ቀለሙ በሚቀጥንበት ፈሳሽ ሙሉት። ጫፉን በጨርቅ ይዛችሁ ቃታውን በስሱ ሳቡት፤ አየሩ ወደ ኋላ ይመለስና የቀረውን ቀለም ወደ ኩባያው ያወጣዋል። ንጹሕ እስኪወጣ ድገሙት። ከዚያ መርፌውን ወደ ኋላ አውጥታችሁ ከእጀታው ወደ ጫፉ አቅጣጫ ጥረጉት፤ በተቃራኒው ከጠረጋችሁ ጣታችሁን ይወጋል፣ ጫፉም ይታጠፋል። መልሳችሁ ስታስገቡት እስኪነካ ብቻ ግፉት። ኮምፕረሰሩን አጥፉና ከታንከሩ ሥር ያለውን ብሎን አላልታችሁ አየሩንና የተጠራቀመውን ውሃ ልቀቁ። ያንን ውሃ የሚተው ሰው ታንከሩ ከውስጥ ዝጎ አንድ ቀን ቀለሙ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ያያል።